«መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ» አትበሉኝ

ከራሴ ውርደት ልጀምር።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ውስጥ በነፃ ሊባል በሚችል ክፍያ እሠራ ነበር። የሙዚቃ ፕሮግራም ነው። ግንቦት 3 ደረሰ፤ ቦብ ማርሌይ ያረፈበት ቀን። አዘጋጁ «እስቲ ስለ ቦብ አንድ አምስት ደቂቃ የሚሆን ነገር ሥሪ» አለኝ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡ ልጆች የገዛኋት፣ ሽፋኗ ላይ «ትርጉምና ጥንቅር» የሚል የተጻፈባት ቀጭን መጽሐፍ ነበረችኝ። ከእሷ ገለበጥኩ። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ ወጣቱ ቦብ ከሕዝቡ መሀል ተጋፍቶ በዓይኑ እንዳያቸው፣ ከዚያች ቀን ጀምሮም ራስታ እንደሆነ በአየር ላይ ተረክሁ። ከሥር ሙዚቃ ገብቶልኛል። ድምፄን ዝቅ አድርጌያለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔው ራሴ በተረኩት ነገር ሆዴ ተላወሰ።

ዘፈኑ ሳያልቅ ስልክ ተደወለ። የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ አተራረክሽ ጥሩ ነው። ግን ቦብ ያን ቀን ጃማይካ አልነበረም። አሜሪካ ነበር፤ ዴላዌር፣ እናቱ ዘንድ።»

ምን ብል ጥሩ ነው? «አባባ፣ መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነው።»

ሳቁ። «መጽሐፉስ የት አንብቦ ነው?» አሉኝና ስልኩን ዘጉት።

የጋዜጠኝነት ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «ሁለት ምንጭ ሳትይዙ እንዳትጽፉ» የሚለውን ፈተና ላይ ደጋግሜ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ይቺን አንዲት ጥያቄ ግን መጽሐፍ ሳነብ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለካስ እኛ ሀገር ወሬ ሲሆን «ማን ነገረህ?» እንላለን፤ ወሬው ሽፋንና የገጽ ቁጥር ሲያወጣ ግን አፋችንን ይዘን እንቀበላለን። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ስልክ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። (የፈረንጆቹን ነገር በፈረንጆቹ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። አትቀየሙኝ።)

ስለ ቦብ ማርሌይ የተጻፈው መጽሐፍ ብዛቱ ለጉድ ነው። ሚስቱ ጽፋለች፣ እናቱ ጽፈዋል፣ ማናጀሩ ጽፏል፣ ጋዜጠኞች ጽፈዋል፤ ከነዚያ እየቆነጠሩ በአማርኛ ያጠናቀሩም አሉ። ችግሩ የመጽሐፍ እጥረት አይደለም። ችግሩ የትኛውን በምን ያህል እንደምናምን መመዘኛ የሌለን መሆናችን ነው። መመዘኛ ሲጠፋ ደግሞ በቦታው የሚገባው ስሜት ነው። ስለ መጽሐፎቹ ክርክር በተነሳ ቁጥር የምሰማቸው አራት መከራከሪያዎች አሉ። አራቱም ቀሽም ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ከእሱ ጋር የኖረች እኮ ናት!»

የመጀመሪያው የቅርበት ክርክር ነው። የጻፈው ሰው ለቦብ ቅርብ ከነበረ እውነቱን ያውቃል፤ አለቀ። እስቲ ቅርብ የነበሩትን እንጥራ። ባለቤቱ ሪታ ማርሌይ ማስታወሻዋን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እናቱ ሴዴላ ቡከር እ.ኤ.አ. በ1996 የእናት ምስክርነታቸውን አወጡ። ማናጀሩ ዶን ቴይለር ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ የራሱን መጽሐፍ ይዞ ብቅ አለ።

ሪታ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን መንገድ ዳር ቆማ ነበር። የጃንሆይ መኪና ሲያልፍ እጃቸውን ሲያነሱ መዳፋቸው ላይ የችንካር ምልክት እንዳየች ደጋግማ ተናግራለች። ይሄ ምስክርነት ትልቅ ዋጋ አለው። ሪታ ምን እንዳመነች፣ እምነቷም ወደ ቤቷ እንዴት እንደገባ ያሳየናል። በጃንሆይ መዳፍ ላይ ምን እንደነበረ ግን አያረጋግጥም። ከዚያ የባሰው ደግሞ እኔ በአየር ላይ ያነበብኩት ነው። ቦብ ሪታን ያገባው በየካቲት 1966 ነው፤ ወዲያውም ለሥራ ወደ ዴላዌር ሄደ፤ እዚያው ወራት ቆየ። የእኔዋ «ትርጉምና ጥንቅር» ታዲያ ምን አደረገች? የሪታን ዓይን አውጥታ ለቦብ ተከለችለት። ሚስት ያየችውን ባል አየ ተባለ፤ ታሪኩም አማረበት።

ወደ ዶን ቴይለር እንምጣ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1976 ታጣቂዎች ሆፕ ሮድ 56 ቁጥር ቤት ገብተው ሲተኩሱ ከሁሉም የከፋ የተመታው እሱ ነው። ስለዚያች ምሽት ሰውነቱ ራሱ ሰነድ ነው። ይሄን ማንም አይነጥቀውም። ግን እሱና ቦብ ከጋቦን ጉዞ በኋላ በ1980 በገንዘብ ጉዳይ ተጣልተው ነው የተለያዩት። መጽሐፉ የወጣው ደግሞ ቦብ ካረፈ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እዚያ ውስጥ ከባድ ታሪክ አለ፤ ከተኳሾቹ የተወሰኑት በሰፈር «ፍርድ ቤት» ቀርበው እሱና ቦብ ባሉበት እንደተገደሉ ይተርካል። አስቡት እንግዲህ። ተራኪው አንድ ሰው ነው፤ ተራኪው ከባለታሪኩ ጋር ተጣልቶ ነበር፤ አብሮ አየ የተባለው ሌላኛው ምስክር ቦብ ሞቷል። ዋሽቷል አላልኩም። ይሄ ታሪክ «ዶን ቴይለር እንደሚለው» የሚል ታርጋ ሳይለጠፍበት ከአንድ መጽሐፍ ወደ ሌላ መጽሐፍ መንዳት የለበትም ነው የምለው። እየተነዳ ግን ነው።

እናትየውም እንደዚያው ናቸው። ናይን ማይልስ ስለምትባለው የገጠር መንደር፣ ስለ ልጃቸው ሕፃንነት ከእሳቸው የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ስቱዲዮ ውስጥ ማን የትኛውን ዜማ እንዳመጣ ግን ከእሳቸው አይጠየቅም። ሰርግ ቤት የዋለ ሁሉ ጫጉላ ቤት አልገባም። «ቅርብ ነበር» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ «ለየቱ ነገር ቅርብ? በየትኛው ዓመት?» በሉት።

«አጻጻፉ ግን ሲያምር!»

ሁለተኛው የውበት ክርክር ነው። እዚህ ላይ ብዙ የቦብ ወዳጅ ሊቀየመኝ ይችላል። የቲሞቲ ኋይት «ካች ኤ ፋየር» ቦብ ባረፈ በሁለት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ፣ ከዚያም በየጊዜው እየተሻሻለ የታተመ መጽሐፍ ነው። ስለ ቦብ ከተጻፉት ሁሉ በብዛት የሚጠቀሰው ሳይሆን አይቀርም። ሰውየው ሙያውን የሚያውቅ የሙዚቃ ጋዜጠኛ ነው፤ ብዙ ሰው አነጋግሯል፤ ብዕሩም ብዕር ነው።

ነገር ግን ያ መጽሐፍ የሚነሳው ከእኛ ሀገር ነው። ከምኒልክ፣ ከልጅ ተፈሪ። እነዚያን ገጾች አንድ ኢትዮጵያዊ ሲያነብ ቅንድቡ ይነሳል። ታሪክና ተአምር፣ የቤተ መንግሥት ሰነድና የራስታዎች አፈ ታሪክ በአንድ ድስት ተሠርተው በአንድ ሳህን ይቀርባሉ፤ የትኛው ወጥ የትኛው ቅመም እንደሆነ አይነገራችሁም። ማንም ጸሐፊ ሊሰማ የማይችለው ንግግር ልክ ቴፕ ተቀርጾ እንደነበር ቃል በቃል ተጽፏል።

ለመጽሐፉ የሚከራከሩ ሰዎች «ኋይት ዓለምን በራስታዎች ዓይን ሊያሳየን ፈልጎ ነው» ይላሉ። ይሁን፤ መብቱ ነው። እንዲያውም ግሩም ሐሳብ ነው። ግን አንባቢው መቼ በራስታው ዓይን፣ መቼ በጋዜጠኛው ዓይን እያየ እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። አለበለዚያ የሚከተለውን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። አንዱ የአማርኛ አጠናቃሪ አፈ ታሪኩን ቆርጦ ያወጣና «የውጭ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት» ብሎ ይመልስልናል። የእኛው ተረት በመርከብ ሄዶ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ እኛም ፓስፖርቱን ሳናይ አስገባነው።

ከዚህ አንድ መመዘኛ ወሰድኩ። ስለ አንድ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ራሳችሁ የምታውቁትን ገጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። ሠፈራችሁን፣ ቋንቋችሁን፣ ሀገራችሁን የሚነካውን። ጸሐፊው እናንተ በምትቆጣጠሩት ቦታ ላይ እንዲህ ዘና ካለ፣ ልትቆጣጠሩት በማትችሉት በትሬንች ታውን ጓዳ ውስጥማ ምን ይሆን? ጥያቄው ብቻ ሙሉ መጽሐፉን በሌላ ዓይን እንድታነቡ ያደርጋችኋል። አትጣሉት። በእርሳስ አንብቡት።

«ሰነድ አለ!»

ሦስተኞቹ ጎበዞቹ ናቸው። «የሰው ወሬ ተይው፣ ሰነድ እንይ» የሚሉ። ከልቤ የምወዳቸው ሰዎች ናቸው። ግን ሰነድም ይዋሻል፤ ለዚህ ደግሞ ከቦብ ሙዚቃ የተሻለ ምሳሌ የለም።

የአልበም ሽፋን ላይ የዘፈኑ ደራሲ ስም ይጻፋል። ከዚህ የበለጠ ምን ሰነድ አለ? እስቲ «ኖ ዉማን ኖ ክራይ»ን እዩት፤ ደራሲው ቪንሰንት ፎርድ ይላል። ፎርድ የቦብ የትሬንች ታውን ወዳጅ ነው። ይሄን ይዞ «ዘፈኑን የጻፈው ፎርድ ነው» የሚል መጽሐፍ ብትጽፉ ሰነድ አላችሁ። ነገር ግን ቦብ ከዳኒ ሲምስ ጋር የቆየ የዘፈን ደራሲነት ውል ነበረው። ከዚያ ውል ለመሸሽ ሲል የራሱን ዘፈኖች በወዳጆቹ ስም አስመዝግቧል የሚለው ክርክር ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። እ.ኤ.አ. በ2014 እንኳ ለንደን ፍርድ ቤት ቀርቦ የ13 ዘፈኖች ባለመብትነት ተወስኗል፤ «ኖ ዉማን ኖ ክራይ» ከመሀላቸው አንዱ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የሚነግራችሁ ዘፈኑ በማን ስም እንደተመዘገበ ነው። ማን ጻፈው ለሚለው ሌላ ምንጭ ያስፈልጋችኋል።

«ዋር» የተባለው ዘፈንማ ለእኛ የቤት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። በደራሲነት የተመዘገቡት አለን ኮልና ካርልተን ባሬት ናቸው። ቃሉ ግን በአብዛኛው ጃንሆይ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። ንግግሩን ያደረጉት ደግሞ በአማርኛ ነው፤ ዘፈኑ የተሠራው ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ነው። አያችሁት አይደል? ቃሉን የተናገሩት ንጉሥ በደራሲነት ስማቸው የለም፤ ዘፈኑን በዓለም ሁሉ ያስታወቀው ዘፋኝም ስሙ የለም። ይሄን ሽፋን እንደ ወንጌል የሚያነብ ጸሐፊ ሰነድ ይዞ ይሳሳታል። ሰነድ ስናይ «ማን ጻፈው? ሲጽፈው ምን ይጠቀም ነበር?» ማለት የወሬ ያህል ለሰነድም ይሠራል።

«ቤተሰቡ የፈቀደው ነው!»

አራተኛው በቅርብ ጊዜ የበረታ ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2024 «ዋን ላቭ» የተባለው ፊልም ከወጣ በኋላ። «ቤተሰቡ ራሱ ነው የሠራው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ይሄ ነው» የሚል ሰው በየካፌው አጋጥሞኛል። አዎ፣ ቤተሰቡ ከፕሮዲዩሰሮቹ መሀል አለበት። ለዚህ ነው መጠንቀቅ ያለብን። የማርሌይ ስም ዛሬ ቡና ይሸጥበታል፣ የጆሮ ማዳመጫ ይሸጥበታል። ይሄን ስል ልጆቹን መስደቤ አይደለም፤ የአባቱን ስም የሚጠብቅ ልጅ ይመረቃል። ነገር ግን ስም መጠበቅና ታሪክ መጻፍ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ብዙውን ጊዜ ይቆማል።

ቤተሰብ እንኳ በአንድ ቃል እንደማይናገር ያየነው እዚሁ ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. የቦብ 60ኛ ዓመት የልደት በዓል መስቀል አደባባይ ሊከበር ሲሰናዳ፣ ሪታ ማርሌይ የባሏ አፅም ከጃማይካ ወጥቶ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ሻሸመኔ እንዲያርፍ ትፈልጋለች የሚል ዜና ዓለምን ዞረ። ጃማይካ ተንጫጫች። ወዲያው ደግሞ እንዲህ ያለ ዕቅድ የለም የሚል ማስተባበያ ከቤተሰቡ ድርጅት ወጣ። ጥር 29 ኮንሰርቱ ተካሄደ፤ ሕዝብ አደባባዩን ሞላ፤ አፅሙ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። በአንድ ወር ውስጥ፣ ተናጋሪዋ በሕይወት እያለች፣ ጋዜጠኛ በሞላበት፣ ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት ታሪክ ከወጣ፣ በ1945 ናይን ማይልስ ውስጥ ስለሆነው ነገር «ቤተሰቡ ያለው ነው» ብላችሁ ለምን ታሽጉብናላችሁ?

ሁሉም ውሸት ነው የሚሉትስ?

እስካሁን የጻፍኩትን አንብቦ «እኔም እኮ ያልኩት ይሄን ነው፤ መጽሐፍ ሁሉ ውሸት ነው» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ወዳጄ፣ አንተን ከሁሉም በላይ እፈራሃለሁ። ምክንያቱም መጽሐፍ የማያምነው ሰው ቴሌግራም ያምናል።

ቦብን ሲ.አይ.ኤ. ገደለው የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? አንዱ ሥሪት የተመረዘ ቦት ጫማ ተሰጠው ይላል፤ ጫማው ውስጥ ሽቦ ነበር፣ ሽቦው ጣቱን ወጋው፣ ከዚያ ካንሰር ያዘው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ «የቀድሞ የሲ.አይ.ኤ. ሰላይ ሊሞት ሲል ቦብን መግደሉን ተናዘዘ» የሚል ታሪክ በኢንተርኔት ተሰራጨ። ፈጠራ መሆኑ በማስረጃ ተነግሯል፤ የተናዘዘ ሰላይ የለም። ያ ጽሑፍ ግን እስከዛሬ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ ከሥሩ «ሼር አድርጉ» ተብሎበት ይዞራል። «መጽሐፍ ሁሉ ውሸት ነው» የሚለው ወዳጄ ሼር አድርጎልኛል።

የሚታወቀው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር ተገኘበት። ጣቱ እንዲቆረጥ አልፈለገም፤ አነስ ያለ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በመስከረም 1980 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሲሮጥ ወደቀ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ፒትስበርግ የመጨረሻ ኮንሰርቱን አቀረበ። ግንቦት 11 ቀን 1981 ማያሚ ውስጥ በ36 ዓመቱ አረፈ። ኳስ ሲጫወት መመታቱ ቁስሉ እንዲታይ አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ዓይነቱ ካንሰር ግን ከኳስ ሜዳ አይመጣም። ጣቱን ለምን አላስቆረጠም ለሚለው አንዱ ሃይማኖቱን፣ ሌላው መድረክ ላይ መጨፈር እንዳያቅተው መስጋቱን ያነሳል። እዚህ ላይ ምንጮች ይለያያሉ፤ ይለያያሉ ብሎ መጻፍ ደግሞ ነውር አይደለም። ሁሉን የሚጠራጠርና ሁሉን የሚያምን አንድ ሰው ናቸው። ሁለቱም መመዘኑ ይደክማቸዋል።

ወደ ቤታችን እንግባ

አሁን ወደሚያመው ቦታ እንምጣ። ቦብ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጠመቁን ሁላችንም በኩራት እናወራለን። ያጠመቁት አቡነ ይስሐቅ ናቸው፤ የክርስትና ስሙ ብርሃነ ሥላሴ ነው። በብዛት የሚሰጠው ቀን እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1980 ነው። እስከዚህ ደህና። «የት?» ስትሉ ግን መጻሕፍቱና ድረ ገጾቹ ይለያያሉ፤ አንዱ ኪንግስተን ሲል ሌላው ኒውዮርክ ይላል። እዚህ ላይ ሽማግሌው ያስተማሩኝን ዘዴ ልጠቀም። ያን ሰሞን ሰውየው የት ነበር? ቦብ ከመስከረሙ አደጋ በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ ሕክምና ላይ ነበር፤ በዚያው ኅዳር ደግሞ ለሕክምና ወደ ጀርመን ሄደ። ስለዚህ ኪንግስተን የሚል ጸሐፊ በጠና የታመመው ሰው መቼ ሄዶ መቼ እንደተመለሰ ሊያሳየን ይገባል። አላሳየም? እንግዲያው ገልብጧል ማለት ነው።

«ለምን ተጠመቀ?» የሚለውማ የጦር ሜዳ ነው። አቡነ ይስሐቅ ራሳቸው ቦብ ካረፈ በኋላ በሰጡት ቃለ መጠይቅ ቦብ ቀድሞ መጠመቅ ይፈልግ እንደነበር፣ በዙሪያው የነበሩ ሰዎች ግን እንደያዙት ተናግረዋል። ከራስታዎቹ ወገን ደግሞ ጥምቀቱ እምነቱን እንዳልለወጠው አጥብቀው የሚከራከሩ አሉ። የእኛ ሀገር ጽሑፎች ከሁለቱ አንዱን መርጠው ሌላውን ይውጡታል። መንፈሳዊው መጽሔት አንዱን፣ የሬጌ አፍቃሪው ሌላውን። በሁለቱም ውስጥ «እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሌ ግን እንዲህ አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር አታገኙም። አንባቢን እንደ ሕፃን መቁጠር ማለት ይሄ ነው።

እንዲህ የማያደርግ መጽሐፍ አለ ወይ? አለ። የሮጀር ስቴፈንስ «ሶ ማች ቲንግስ ቱ ሴይ» እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ከ70 በላይ ሰዎች በየራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። አንዱ የተናገረውን ሌላው ሲያፈርሰው ሁለቱም እዚያው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ማን እንደተናገረ ስሙ ከፊት አለ። ይሄም እንከን አያጣም፤ ሰው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ሲያስታውስ ራሱን ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው። ግን ሲሳሳት ማን እንደተሳሳተ ታውቃላችሁ። ለእኔ የታማኝ መጽሐፍ ምልክት ይሄ ነው፤ ስህተቱን እንኳ ባለቤት አያሳጣውም።

እንግዲህ መመዘኛዎቼን ልጠቅልል። ይሄ ነገር ከየት መጣ፣ ተናጋሪው በቦታው ነበር ወይስ ሰምቶ ነው? ማንም ሊሰማው የማይችል ንግግር በትእምርተ ጥቅስ ተጽፏል ወይ? እኔ የማውቀውን ገጽ በትክክል ጽፎታል ወይ? ጸሐፊው ከባለታሪኩ ጋር ጠብ፣ ፍቅር ወይስ ገንዘብ ነበረው፤ ነግሮናል ወይ? የሚቃረን ምስክር ሲያገኝ አስቀመጠው ወይስ ዋጠው? በነዚህ ጥያቄዎች አልፎ የሚተርፍ ገጽ ካለ እመኑት። ጥቂት ነው የሚተርፈው፤ የሚተርፈው ግን ቦብን ራሱን ይመስላል።

«ለአንድ ዘፋኝ ይሄ ሁሉ ምርመራ ለምን?» የምትሉ ካላችሁ፣ ጥላሁን ገሠሠን አስቡ። በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ ሀገር አለቀሰ። ስለ አንገቱ ቁስል ግን ስንት ዓይነት ታሪክ ሰምታችኋል? እያንዳንዱ ተራኪ አልጋው ሥር የነበረ ያህል እርግጠኛ ነው። ነገ የታላላቆቻችን ድምፃውያን ታሪክ በብዛት ይጻፋል፤ መጻፍም አለበት። ዛሬ በቦብ ላይ ያልተማርነውን ነገ በራሳችን ሰዎች ላይ እንከፍለዋለን።

ሌላም ዕዳ አለብን። ቦብ እ.ኤ.አ. በ1978 መገባደጃ፣ በእኛ 1971 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ወዳጁ አለን ኮል ያኔ እዚህ የአየር መንገድን የእግር ኳስ ቡድን ያሠለጥን ነበር። ቦብ ሻሸመኔ ሄደ፤ «ዚምባቡዌ» የሚለውን ዘፈን እዚህ እያለ እንደጀመረው ይነገራል። በአብዛኞቹ መጻሕፍት ይሄ ጉዞ በጥቂት አንቀጾች ይታለፋል። ደርግ ነበር፣ ቀይ ሽብር ገና ትኩስ ነበር፤ ያ ሰው በዚያች አዲስ አበባ ምን አየ? ከማን ጋር ኳስ ተጫወተ? ማን ቤት በላ? ይሄን የሚያውቁት ጃማይካውያን ብቻ አይደሉም። እዚህ የኳስ ቡድኑ ውስጥ የነበረ የአንዳችሁ አጎት፣ ሻሸመኔ ያደረ የአንዳችሁ አባት ሊኖር ይችላል። ያኔ ሃያ ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ሰባ ሊደፍን ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ ስለ እኛ ዘላብዶብናል ብለን ስናማርር፣ እኛ ግን በእጃችን ያለውን ምስክር አንድ ቀን ቴፕ ከፍተን አልጠየቅነውም።

የደወሉልኝን ሽማግሌ ስም አልጠየቅኋቸውም። ቦብ የት እንደነበረ በምን እንዳወቁም አልጠየቅኋቸውም። ምናልባት ከቡድኑ ተጫዋቾች አንዱ ነበሩ፤ ምናልባትም እሳቸውም ከመጽሐፍ ነው ያገኙት። አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምሬ፣ ምስክር በራሱ ሒሳብ ደውሎልኝ፣ እኔ «መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነው» ብዬ አሰናበትኩት።